ሁለት አራሶች በአንድ ቤት

የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ የታረስኩት ከሞተር ሳይክል ጋር ነው። ይህን ስናገር የሚያዳምጠኝ ሁሉ የቀልድ መግቢያ ይመስለውና ፊቱን ለሳቅ ያዘጋጃል። ቀልድ አይደለም። ነፋስ ስልክ፣ ከፋብሪካው አጥር ጀርባ ባለች አንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ፣ አልጋዬ ከግድግዳው በኩል፣ ሞተሩ ከበሩ በኩል ነበር፤ በመካከላችን አበባ የታተመበት መጋረጃ። መጋረጃው የተሰቀለው ሳጠባ እንግዳ እንዳያየኝ ነው። ሞተሩ ግን ከታች በኩል ሁሉን ያይ ነበር።

ሞተሩ የባሌ አልነበረም፤ የመንግሥት ነው። ባሌ በአንድ የመንግሥት ኮርፖሬሽን ውስጥ ሞተረኛ ሆኖ ከዋናው መሥሪያ ቤት ወደ መጋዘኖቹ፣ ከመጋዘኖቹ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ወረቀት ያመላልሳል። በዚያ ዘመን ስኳር የለም፣ ሳሙና የለም፤ ስለ ስኳርና ስለ ሳሙና የሚጻፍ ደብዳቤ ግን ሞልቶ ይፈስ ነበር። ጊዜው ክረምት ነው። ጓሮ ያለችው የቆርቆሮ መጠለያ ታፈሳለች፤ ማድ ቤቱን ደግሞ ሊጠይቁኝ የመጡ ዘመዶች ይዘውታል። የመንግሥት ንብረት ዝናብ ቢመታው ያስጠይቃል፣ ቢሰረቅ ያሳስራል። ስለዚህ ባሌ ሞተሩን እየገፋ ወደ ቤት አስገባው።

እናቴ እንደምትጮህበት እርግጠኛ ነበርኩ። እናቴ ልጅ ሳለች ከጉራጌ አገር መጥታ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ገበያ ላይ ቅቤ የሸጠች፣ ቤቷም ከኛ ግቢ ብዙ የማይርቅ ሴት ነበረች። እኔን ልታርስ ስትመጣ የቤቱን ሥልጣን ሁሉ ጠቅልላ ያዘች። ባሌ በገዛ ቤቱ ውኃ ለመጠጣት ዓይኗን ያይ ነበር። ሞተሩ ብቅ ሲል እሷ ከትራሴ ሥር ቢላዋ እየሸጎጠች ነው። አራስ ከራስጌዋ ብረት አይጠፋም፤ ክፉ መንፈስ ብረት ይፈራል ይባላል፤ ወደ ደጅ ስትወጣም ብረት ይዛ ነው። እናቴ ቢላዋውን አየች፣ ሞተሩን አየች።

«ይግባ» አለች። «እሱም ብረት ነው።»

ከነፋስ ስልክ እስከ ላፍቶ እንደኔ በብረት የተጠበቀች አራስ አልነበረችም። የቤንዚኑን ሽታ ለጊዜው ረስታው ነበር። አንድ እጇ ላይ የከሰል ምድጃ፣ ሌላው ላይ የቅቤ ቅል ይዛ ከታንከሩ አጠገብ ስትመላለስ ትዝ ሲለኝ፣ እንዴት ሁላችንም ተያይዘን እንዳልነደድን አይገባኝም። እግዜር ያን ክረምት ሌላ ሥራ አልነበረውም መሰለኝ።

አሁን ወደ ሞተሩ በሽታ ልምጣ። ይህ ሞተር ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎለት የሚጠጣ ዓይነት ነው። ዘይት ካነሰው ሆዱ ይደርቃል። በዚያ ዓመት ደግሞ የሞተር ዘይት ከገበያ ጠፍቶ ባሌ ጠብ ጠብ እያደረገ ነበር የሚያቀማምሰው። አንድ ቀን ዳገት መሀል ላይ ሞተሩ ጮኾ ደረቀ፤ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣበቀ። ባሌ እስከ ቤት ገፍቶ አመጣው። የመሥሪያ ቤቱ ጋራዥ ወረፋ እስከ መስቀል እንደማይደርሰው ነገሩት። የስምሪት ኃላፊው ደግሞ ጠርቶ፣ «ሞተር የሌለው ሞተረኛ ለእኛ ምን ያደርግልናል? በራስህ መንገድ አሠርተህ ሰኞ ጠዋት ይዘኸው ካልመጣህ ሌላ ሰው እመድባለሁ» አለው።

ያን ጊዜ ሥራ ማጣት ማለት ሥራ ማጣት ብቻ አልነበረም። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና የሚያቀርበው ሰው ነበረበት፤ ባሌ ደግሞ ዕድሜውም ቁመቱም የሚያስጎመጅ ነው። እስከዚያ ቀን ያተረፈው መሥሪያ ቤቱ «ይህ ሰው ያስፈልገኛል» ማለቱ ነበር። ታናሽ ወንድሜ እንዲህ የሚልለት አልነበረውም። ከዓመት በፊት፣ በክረምት፣ ከሳሪስ ሲመለስ ከመንገድ አፍሰው ወሰዱት፤ ሰሜን ነው ያለው ከመባል በቀር ከዚያ ወዲህ የሰማነው ነገር አልነበረም። አላለቀስንም። መርዶ ላልመጣበት ሰው ማልቀስ ሟርት ነው፤ እናቴም ስሙን እንኳ አንሥታ አታወራም ነበር። እኔ ግን ሆዴ ገፍቶ በነበረበት ጊዜ ሁሉ ሌላ አላሰብኩም፤ ባሌንም እንደሱ በመኪና ጭነውት ሲሄዱ ነበር የሚታየኝ። ፈርቼ ነበር፣ በጣም።

እንግዲህ ያ ሞተር ሰኞ ጠዋት መነሣት ነበረበት፤ ነገሩ ይኸው ነው።

የሠፈራችን መካኒክ ሞተሩን አውርዶ አዲስ ፒስተንና ቀለበት አስገባለት። ጋሼ እንለው ነበር። እጁ ጎበዝ፣ አፉ ከእጁ የበለጠ ጎበዝ፤ ስለ ሞተር ሲያወራ ስለ ጎረቤት የሚያማ ነው የሚመስለው። ሠርቶ የጨረሰ ዕለት ሞተሩን ራሱ እያስነሣ መጣ፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፣ ከአልጋዬ ሰምቼዋለሁ። እናቴ ከእኔ ገንፎ ቀንሳ ሰጠችው። እየበላ ባሌን ይመክራል።

«ይኸውልህ፣ የተከፈተ ሞተር እስኪላመድ ድረስ እንደ አራስ ነው። አታስጨንቀው። ዘይቱን ትንሽ፣ ትንሽ ነው ያልኩህ፣ ከፍ አድርግለት። ዳገት ላይ አትጩኽበት። በዚህ በኩል ነው አየር የሚስበው» ኮርቻውን አንሥቶ አሳየው፤ «ፊልትሮውንም አዲስ አድርጌልሃለሁ።»

እናቴ ጭልፋዋን ይዛ ኮርቻው ሥር ያለውን ቀዳዳ አንገቷን አስግጋ አየችው። ሞተር እንደማይወልድ ታውቃለች፣ ያን ያህል የዋህ አልነበረችም። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተከፈተ ነገር ሁሉ፣ ሰውም ይሁን ድስት፣ ነፋስ ከገባበት አለቀለት ብላ ከልቧ ታምናለች። የኔ ቤት መስኮት ከወለድኩበት ሰዓት ጀምሮ አልተከፈተም። ስንጥቁ ሁሉ በጨርቅ ተደፍኗል። ራሴ በቅቤ፣ ጆሮዬ በሻሽ፣ እኔ በሦስት ብርድ ልብስ።

በማግስቱ ባሌ ሞተሩን ሊሞክረው ወጣ። ተነሣ። ቆሞ ሲያጉረመርም ደህና ይመስላል፤ ጋዝ ሲሰጠው ግን ያስለዋል፣ ይታፈናል፣ ያጣጥራል፣ ይጠፋል። ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ግቢውን ሸፈነው፤ የጎረቤት ዶሮዎች መሽቷል ብለው ወደ ቆጣቸው ወጡ። ባሌ እስከ ዋናው መንገድ ነድቶት ሄደ፣ እየገፋው ተመለሰ። ፊቱ ጥቁር ነበር፤ ግማሹ ጥላሸት ነው፣ ግማሹ ግን አልነበረም።

የኛ ሠፈር ሰው ምክር አይነፍግም። ሊጠይቁኝ የሚመጡት ሴቶች ከበር ላይ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሉኝና፣ ከዚያ ወደ ሞተሩ ዞረው «ይኸኛውስ ተሻለው?» ይላሉ። አንዷ ዓይን በልቶታል አለች። አንዷ ቤንዚኑ ላይ ነጭ ጋዝ ቀላቅለው ሸጠውለት ነው አለች። የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር መጣ። አራስ ልጠይቅ ብሎ ነው፤ ዓይኑ ግን መጋረጃውን አልፎ ወደኔ አልመጣም፣ ሞተሩ ላይ ነው የቀረው። ከሞተሩ ደግሞ ወደ ባሌ ሄደ፣ ከእግር እስከ ራስ ለካው። የፍየል ነጋዴ ዓይን ነበር ያለው።

«አልተነሣም እንዴ?» አለ።

«ይነሣል፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ ባሌ።

«አሻጥር እንዳይሆን» አለ ሰውዬው፣ ጎንበስ ብሎ ሞተሩን እያሸተተ። «ማነው የሠራው?»

ዝናብ ሲበዛም አሻጥር ነው የሚል ሰው ነው፤ በሌላ ቀን ቢሆን እስቅበት ነበር። መካኒኩ ግን ይህን ወሬ በሰማ በማግስቱ ገና በጠዋት እየሮጠ መጣ። ቅዳሜ ነበር። መፍቻዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ቁርስ እንኳ አልቀምስም ብሎ ሞተሩን ወደ ደጅ አስወጣው።

በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሁሉንም አያለሁ። ካንዴላውን ፈታው፤ እሳት የሚረጨው ጫፉ ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ወጣ፣ ዘይት የተነከረ ከሰል። በሽቦ ብሩሽ ጠረገው፣ መለሰው፣ ሞከረው፣ ታፈነ። ካርቡራቶሩን ፈታትቶ የገንፎ ትሪዬ ላይ ዘረዘረው፤ እያንዳንዷን ቀዳዳ በአፉ ነፋት፣ ገጠመው፣ ሞከረው፣ ታፈነ። የካንዴላውን እሳት አየ፤ እሳቱ ሰማያዊና ጠንካራ ነው። ሰውየው ደረቱን ማከክ ጀመረ።

«ይሄ ዘይት የበዛበት ሞተር ጠባይ ነው» አለ በመጨረሻ። «ንገረኝ እስቲ፣ ስንት እያደረግህ ነው?»

«እርስዎ ባሉኝ ልክ ነው፣ ጋሼ» አለ ባሌ።

እኔ መጋረጃው ውስጥ ሆኜ ከንፈሬን ነከስኩ። ባሌን አይቼዋለሁ። ዘይቱን ቤንዚን ውስጥ ሲያቀላቅል አየዋለሁ፤ ሌላ የሚያየው የለም፣ ምክንያቱም ከኔ በቀር ቀኑን ሙሉ ከሞተሩ ጋር የሚውል ሰው አልነበረም። በመለኪያው ይሰፍራል፣ ይጨምራል። ከዚያ ቀና ይልና ያስባል። ያን ዳገት ነበር የሚያስበው። እንደገና ጠብ ያደርጋል። እንደገና ያስባል፣ እንደገና ጠብ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ የዘይት ማጣት ያደረቀው ሰው ዘይት ሲያገኝ እጁ አያርፍም። ዘይቱን ያገኘለት የአጎቱ ልጅ ነው፤ ከየት እንዳመጣው አልጠየቅንም።

ለምን ያኔውኑ አልተናገርሽም ቢሉኝ፣ ባሌን ሰው ፊት ውሸታም ማድረግ አልሆነልኝም። ደግሞ ሰው ጥቂት ዘይት ስለጨመረ ሞተር እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። እናቴ በየቀኑ ማታና ጠዋት ቅቤ ስታጠጣኝ እኔ መቼ ጠፋሁ።

«ልኩ ከሆነማ» አለ መካኒኩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቀለበቱ አልያዘም ማለት ነው። ሞተሩ እንደገና መውረድ አለበት።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ሳምንት። መርካቶ ቀለበት ካገኘሁ።»

ባሌ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ፤ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አደረገ። ቁጢጥ ብሎ ሳየው ገና ልጅ ሆኖ ታየኝ። ሊቀመንበሩ በዚህ ሰዓት ወደ አጥሩ ቢመጣ ኖሮ ሳይመዝን ይወስደው ነበር።

እዚህ ላይ ቁጣዬ ተነሣ። የኔ ቁጣ መነሻው ሁልጊዜ ፍርሃት ነው፤ መውረጃው ግን ማንም አጠገቤ የተገኘ ሰው ነው፤ በዚያ ቀን የተገኘችው እናቴ ነበረች። ደጁ ተከፍቶ በቆየበት ሰዓት ነፋስ ገብቷል ብላ፣ አንድ እጇ መስኮቱ ጥግ ያለውን ስንጥቅ በአዲስ ጨርቅ እየጠቀጠቀ፣ ሌላው ከሰሉን ወደኔ ይገፋል። ጭሱ፣ ቅቤው፣ ብርድ ልብሱ፣ የተልባው ብርጭቆ።

«እማዬ፣ ተይኝ!» አልኳት። «ታፈንኩ። አየር አጣሁ። በአንድ በኩል ቅቤ ትግቺኛለሽ፣ በሌላ በኩል የምተነፍስበትን ትደፍኛለሽ። እኔም እንደዚያ ሞተር ካንዴላዬ ጠቁሯል።»

እናቴ ጨርቁን አንድ ጊዜ ጠበቅ አደረገችው። ደጅ ሞተሩ እንደገና አስሎ ጠፋ። እኔ የእናቴን ጣቶች እያየሁ ነበር፤ ጨርቁን ወደ ውስጥ የሚገፉበትን መንገድ። እነዚያን ጣቶች እንደዚያ ሲገፉ ሌላ ቦታ አይቻቸዋለሁ።

መካኒኩ ሞተሩን ባመጣ ዕለት ማታ ነው። ባሌ ወጣ እንዳለ እናቴ መጋረጃውን አልፋ፣ ኮርቻውን ከፍ አድርጋ፣ አንድ ነገር ሸጉጣ መልሳ ገጠመችው። በየጠዋቱ ደግሞ ታየው ነበር፣ እንዳለ መሆኑን። እኔ ክታብ መስሎኝ ነው። የእናቴን ክታብ እኔ ጋ፣ ሕፃኗ ጋ፣ የቤቱ ምሰሶ ጋ ስላየሁት፣ ለሞተሩም አሰረችለት ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ሳስበው ግን ክታብ እንደዚያ በጣት እየተጠቀጠቀ አይገባም።

ብርድ ልብሶቹን ገፍቼ ተነሣሁ። እናቴ «ወዴት ነው?» እያለች እጄን ያዘች፤ አራስ አይወጣም፣ ያውም በነሐሴ፣ ያውም ነፋስ ስልክ ላይ። አስለቀቅኳት። ወግ አልጥስም ብዬ ደግሞ ቢላዋዬን ከትራሴ ሥር መዝዤ ያዝኩ። ራሴ ቅቤ ያንጠባጥባል፣ በእጄ ቢላዋ፣ በእግሬ የባሌ ጫማ፤ በሩን ገፍቼ ብቅ አልኩ። መካኒኩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ባሌ ተነሥቶ ቆመ።

«ኮርቻውን አንሣልኝ» አልኩት ባሌን።

«ምን ነካሽ? ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል።»

«ኮርቻውን አንሣው አልኩህ።»

አነሣው። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ሞተሩ አየር ከሚስብበት ቀዳዳ ጫፉ ብቻ የሚታይ ነጭ ነገር አለ። በሁለት ጣቱ ይዞ ጎተተው። መጣ፤ ገናም መጣ። ተጣጥፎ፣ በልክ ተጠቅልሎ፣ ጠርዙ ሳይቀር ወደ ውስጥ ታጥፎ የገባ ጨርቅ ነው። ሙሉ በሙሉ አልዘጋውም፤ እስኪያጣጥር ያህል ብቻ ነው የተወለት። ሰውየው ጨርቁን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ከኔ በስተኋላ በሩ ላይ የቆመችውን እናቴን አየ።

«እዚህን አላዩትም ነበር እንዴ፣ ጋሼ?» አለ ባሌ፣ ሳቅ እያመለጠው።

«አዲስ ነው ብዬ ነዋ። እኔ ነኝ የገጠምኩት፣ ምን ብዬ እከፍተዋለሁ?» ጆሮው ድረስ ቀላ። ካርቡራቶሩን ፈትቶ ቀዳዳውን አንድ በአንድ ሲነፋ የዋለ ሰው፣ በገዛ እጁ የገጠመውን ለመጠራጠር ልቡ እምቢ ብሎታል። ያን ሰዓት ለማንም አላዘንኩም።

«አንተም አትሳቅ» አልኩት ባሌን። «ዘይቱን ስንት እንዳደረግህ ንገረው። ወይም እኔ ልንገረው።»

ባሌ ቢላዋዬን አየ፣ ነገረው። መካኒኩ ቁጥሩን ሲሰማ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀምጦ ሰማዩን አየ።

«አንተ ልጅ» አለው ቀስ ብሎ፣ «ይሄ እኮ ሞተር ነው። ፓስቲ ልትጠብስበት ነው?»

ከዚያ በኋላ ሥራው ፈጠነ። ከታንከሩ ግማሹን ወደ ጀሪካን ገለበጡትና፣ ባሌ በኩፖን አውጥቶ ለሰኞ ያስቀመጠውን ንጹሕ ቤንዚን ጨመሩበት፤ ዘይቱ ቀጠነ። ካንዴላው እንደገና ተጠረገ። መካኒኩ በዚያ ቀን ማንም ያደርገዋል ያላለውን አደረገ፤ ፊልትሮውን አውጥቶ ወደ ብርሃን አንሥቶ ተመለከተው። ባሌ ረገጠው። መጀመሪያ ያን ሁሉ የቆየ ዘይት በጭስ አወጣው፤ አስነጠሰ፣ ተፋ፣ እንደገና አስነጠሰ። ከዚያ ጭሱ ሳሳ። ድምፁ ጠራ። ባሌ ተቀምጦበት ወጣ፤ ወደ ዳገቱ ሲሄድ፣ ሲያዞረው፣ ማርሽ ሲቀይር፣ ከግቢው ቆሜ ሁሉን ሰማሁ። ዝናቡ ያቆመበት ሰዓት ነበር፤ ከላፍቶ ወገን የእርጥብ ማሳ ሽታ ያለው ነፋስ ፊቴን መታኝ። ከወለድኩ ወዲህ የመጀመሪያው ነፋስ ነው። ደስ አለኝ። ምች ይምታኝ፣ ደስ አለኝ።

እናቴ ሁላችንም ወደ መንገዱ ስናይ ጨርቁን ከመሬት አንሥታ ገባች። እኔም ተመልሼ ተኛሁ፣ መስኮቱ ግን አንድ ጣት ያህል ተከፍቶ እንዲቆይ አስፈረድኩ።

ሰኞ ባሌ በጠዋት ሄደ። እኔና እናቴ ቀኑን ሙሉ አንሰማም እያልን ስንሰማ ዋልን። ከዋናው መንገድ የሚመጣ ድምፅ ሁሉ የሱ ድምፅ ይመስለናል፤ እሷ ምስሩን ትለቅማለች፣ አሥሬ ትለቅማለች፤ እኔ የጠገበችውን ሕፃን አጠባለሁ። በዚያ ቀን ሳሪስ በኩል አፈሳ ነበር የሚል ወሬ ያመጣች ጎረቤት፣ እናቴ እንዲህ ዓይኗን ስታፈጥባት ገንፎዋን ሳትጨርስ ሄደች። ከሰዓቱ ሁሉ ረጅሙ ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሞተሩን ሰማነው። አላሳለም። ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ወጥቶ ወደ ግቢው ታጠፈ።

«ኃላፊው ራሱ ነዳው» አለ ባሌ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ጥርሱ ሁሉ ወጥቶ። «ዞር ዞር አደረገውና፣ ‹ከበፊቱ ይሻላል፣ ሥራህን ቀጥል› አለኝ። ቀበሌውንም እሱ ራሱ ነው የሚነግረው።»

እናቴ የኔን ገንፎ እንዳለ አንሥታ ሰጠችው። ቅቤው መሀሉ ላይ እንደ ኩሬ ተኝቷል። ባሌ አንዴም ቀና ሳይል በላው።

እኔ በደስታ ሰክሬ ነበር። ሰው ከፍርሃት ሲወጣ አፉ ይፈታል፤ የኔ ደግሞ ድሮም የተፈታ ነው። እናቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንድ ነጭ ጨርቅ ታጣጥፋለች፤ አጥባዋለች፣ የዘይቱ ጥቁረት ግን መሀሉ ላይ አልለቀቀም። ያ ጨርቅ ነው።

«እስቲ እማዬ» አልኳት፣ «በማርያም ንገሪኝ፣ የመንግሥትን ሞተር አፍንጫ ስትደፍኚ ምን ብለሽ ነው? ብረት ይበርደዋል? ቀጥሎ ደግሞ ገንፎ ልታጎርሺው ነበር?»

ባሌ እየበላ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ጨርቁን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው፤ ያኔ ነው ጥበቡን ያየሁት። የጋቢ ጠርዝ ነው። ከወንድሜ ጋቢ የተቀደደ ነው።

«ወንድምሽ በሸሚዝ ነበር የወጣው» አለች። «ዝናብ ነበር። ወሰዱት ሲሉኝ ይሄን ጋቢ ይዤ እስከ ቀበሌው ድረስ ሮጥኩ፤ መኪናው ሄዷል። ወደዚያ ብርድ አገር ሲሄድ ምንም አላለበስኩትም።»

እጇን ጨርቁ ላይ አሳለፈች።

«ይሄኛው ባልሽ በዚያ ሞተር ነው እቤት የቀረው አላችሁኝ። ምን ላድርግ? ሞተሩን አለበስኩት።»

ባሌ ማንኪያውን አስቀመጠ። ሕፃኗን ደረቴ ላይ እንደያዝኩ እንባዬ መጣ፤ ወንድሜ ከተወሰደ ወዲህ ለሱ ያለቀስኩት የመጀመሪያ ልቅሶ ነው፣ ሟርት ይሁን አይሁን ግድ አልሰጠኝም።

«አታልቅሺ» አለችኝ እናቴ፣ የራሷን ዓይን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «አራስ ነሽ፤ ዓይንሽን ያምሻል።»